ስለ ቀትር ትካዜ

ድሬዳዋ ቀትርን የምታከብር ከተማ ናት። በተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ይህች ከተማ፣ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ዳገት መውጣቱን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ከሜዳው ላይ በቆመ ጊዜ ከተቆረቆረች ጀምሮ፣ ፀሐይ በራስ ላይ ስትቆም ከእርሷ ጋር መታገል እንደማያዋጣ ታውቃለች፤ ስለዚህም ከስድስት ሰዓት በኋላ የመጋላው ነጋዴ መዝጊያውን ይመልሳል፣ በከዚራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች ጥላቸውን ለአላፊ አግዳሚ ያበድራሉ፣ ጫት ይዞ በርጫ የሚቀመጠውም በርጫውን ይቀመጣል፣ እስከ ዘጠኝና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማዪቱ እንደ ተኛ ሰው በቀስታ ትተነፍሳለች። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ስንፍና ይለዋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር፤ ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ነገሩ የቆየ ጥበብ መሆኑ እየገባኝ መጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ባለው ሜዳ ላይ የተሠራው፣ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ተብሎ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ ልማድ አዲስ ጎረቤት ነው። ፋብሪካ በየትም ሀገር ቢሆን ጊዜን የሚያውቀው በፈረቃና በደወል ነውና፣ ሼድ በሚባሉት ረጃጅም አዳራሾች ውስጥ ቀትር ከጧት የሚለይበት ነገር የለም፤ ማለዳ ሰርቪስ ያወረደው ሰው ማታ ሰርቪስ እስኪመልሰው ድረስ ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ሳያይ ይውላል። ይህን ስል ፋብሪካን ለመንቀፍ አይደለም፤ የድሬዳዋ ሕዝብ ከጨርቃ ጨርቁና ከሲሚንቶው ፋብሪካ ጋር ስንት ዘመን ኖሮ፣ ልጆቹን ያሳደገው በደመወዝ መሆኑን ማን ይክዳል? የእኔ ነገር የሚጀምረው ከስፌት መኪናው አጠገብ ከተቀመጠችው ልጅ ሳይሆን፣ ያችን ልጅ እንድትሰማ ከተቀጠረችው ሌላይቱ ሴት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመው የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ደርኮን ጥናት፣ በሀገራችን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያገኙ ወጣቶችን ተከታትሎ፣ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው እንደ ወጡ አሳይቷል። ስለ ወጡት ብዙ ተባለ፤ ከመውጣታቸው አስቀድሞ ያለቀሱት በማን ፊት እንደ ሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ድርጅት ከባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎቹ ስለሚጠይቁት፣ አንዳንዱም ከገዛ ኅሊናው ተነሥቶ፣ የሠራተኛውን ችግር የሚሰማ ሰው ይቀጥራል፤ መጠሪያው በየቤቱ ይለያያል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም ይባላል፣ አማካሪም ይባላል፣ ልጆቹ ግን በአጭሩ ሶሻል ወርከሯ ይሏታል። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየችው፣ ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለእናቷ ተከፍሎ ለራሷ የማይተርፋት፣ የቅርብ አለቃዋ ያስቸገራት፣ ሳታስበው ያረገዘች፣ ወንድሟ በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን ተሻግሮ ድምፁ የጠፋባት፣ ሁሉም ወደ አንዲት ጠባብ ክፍልና ወደ አንዲት ወንበር ይመጣሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ከምትሠራ አንዲት ሴት ጋር፣ የዓመት ፈቃድ ወስዳ በነበረበት ሳምንት፣ በከዚራ ዛፎች ሥር ሻይ ጠጣሁ። የምትሠራበትን ቤት አልጠራም፤ ከፓርኩ አጥር ውስጥ ይሁን ከአጥሩ ውጭም አልናገርም። ከቦርሳዋ አንድ መዝገብ አውጥታ አሳየችኝ፤ የተጻፈበት ምስጢር ነውና እርሱን ሳይሆን፣ ለሚመጣው ወር ያዘጋጀችውንና ገና ቀለም ያልነካውን ነው። ዓምዶቹን በማስመሪያና በቀይ እስክርቢቶ ራሷ አስምራቸዋለች፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሥራ ክፍል፣ የቀረበው ችግር፣ የተወሰደ እርምጃ። የመጨረሻው ዓምድ በገጹ ዳር ስለ ዋለ ስፋቱ ሁለት ጣት አይሞላም። በዚያ ሁለት ጣት ውስጥ ምን እንደሚገባ ብጠይቃት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፈችው ቃል አንድ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ፤ «ተመክራለች» የሚል ነው። ቤት ኪራይ የጨመረባትም ተመክራለች፣ ወንድሟን ባሕር የበላባትም ተመክራለች።

ከዚያም የራሷን ነገር ጀመረች። እንቅልፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሏት መሄድ ከጀመረ፣ ምግብም እንደ ገለባ ከሆነባት፣ የእናቷ ስልክ ሲጠራ ማንሣት ከከበዳት ወራት አልፈው ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ግን አንዲት ልጅ ከፊቷ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ የልጅቱ ዕንባ እስኪያልቅ ሰዓቷን እየተመለከተች የምትጠብቅ ሆና ራሷን ማግኘቷ ነው። ለአለቃዋ ነገረችው። ደግ ሰው ነው፣ ይህንን ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስረድታኛለች፤ ደግ ስለ ሆነም ወዲያው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ወደሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ላካት። ጭንቀትን ስለ መቋቋም ነበር፤ ሥዕል በግድግዳ ላይ ታየ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ እየተሳበ በአፍ ተለቀቀ፣ ሻይና ብስኩት ቀረበ፣ ማታም የስሟ አንድ ፊደል የተሳሳተበት የምስክር ወረቀት ተሰጣት። በሌላ ጊዜ ስለ ሌላ ጉዳይ የግል ማኅደሯን ስትገልጥ፣ ያ ቀን በአለቃዋ እጅ ተመዝግቦ አገኘችው፤ ቃሉም «ተመክራለች» ይላል።

«አቦ ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እጄ ሲጽፈው የኖረው ቃል ዞሮ እኔኑ አገኘኝ።»

እንግዲህ ይህችን ሴት ያገኛት ምንድር ነው? መልሱ እንደ መላሹ ነው። ሐኪም ቢጠየቅ ድባቴ ነው ይላል፤ ይህም ቃል በሀገራችን የሕክምና አነጋገር ዘንድ ቦታውን ይዟል፣ ሕመሙም እውነተኛ ሕመም፣ መድኃኒትና ክትትል ያለው ነው። አለቃ ቢጠየቅ፣ አፉ ባይናገረውም በልቡ፣ የጠባይ ድካም ነው ይላል። ከደጀ ሰላም አጠገብ ያለ አንድ ቅን ሰው ቢጠየቅ ደግሞ ሀኬት ነው፣ ወይም ከሀኬት የሚከፋው ቀቢጸ ተስፋ ነው ብሎ፣ ጸልዪ፣ ስገጂ፣ ጠበልም ግቢ ይላታል። ጸሎቱንም ጠበሉንም የምነቅፍ አይደለሁም፤ እኔም ራሴ ገብቼበት የወጣሁበት ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሦስት መልሶች፣ አንዱ ወደ ደሟ፣ ሁለተኛው ወደ ጠባይዋ፣ ሦስተኛው ወደ ነፍሷ ቢያመለክቱም፣ ሦስቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ እርሷ ነው። መዝገቡን ያሰፋ፣ ወንበሩን ሁለት ያደረገ መልስ በመካከላቸው የለም። በሃይማኖት ዓይን ሲመረመር ይህ ትክክል ነውን?

አበው ይህን ሀኬት የተባለውን የቀትር ፈተና ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ90ኛው መዝሙረ ዳዊት የተጠራውን የቀትር ጋኔን፣ በግብፅ በረሓ ሲጋደል ኖሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ ሲተረጉመው፣ ይህ ጋኔን መነኩሴውን ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንደሚከብበው ጽፏል፤ የእኛ ሰዓት እስከ ዛሬ በዚያው በጥንቱ አቆጣጠር የሚሄድ ስለ ሆነም፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሰዓቱን ሳይመነዝር እንዳለ ያነበዋል። የዚህ አባት ትምህርት በኋላ ዘመን ብዙ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም፣ የነፍስን ጠባይ ማወቁ የሚያስደንቅ ነው። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፣ ቀኑም አምሳ ሰዓት ያህል ይረዝምበታል ይላል፤ መነኩሴው በመስኮት አሻግሮ ያያል፣ ያለበትን ሥፍራና የእጁን ሥራ ይጠላል፣ ከወንድሞች መካከል ፍቅር እንደ ጠፋና የሚያጽናናው አንድ ስንኳ እንደሌለ ያስባል። በዘመናችን ክርስቲና ማስላክ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ፣ የሰውን ችግር በመስማት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን መርምራ፣ ከሥራ የሚመጣው ዝለት መታከትን፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየትንና ሥራዬ ከንቱ ነው ማለትን የያዘ ነው ስትል፣ ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ ተራርቀው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱን በሽተኛ ያዩት ይመስላል።

ነገር ግን በሁለቱ በሽተኞች መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ፤ እርሱን የዘነጋ መካሪ ሁሉ የሚስተው በዚህ ይመስለኛል። የበረሓው መነኩሴ የታከተው በብቸኝነት ነው፤ ከበኣቱ አትውጣ፣ ታገሥ፣ ሥራህን ያዝ የሚለውም ምክር ለእርሱ የተገባ ነው። ይህች ሴት የታከተችው ግን በሰው ብዛት ነው። ለባዶ ማድጋ የተሰጠውን ምክር ሞልቶ ለሚፈሰው ማድጋ መስጠት የባለሙያ ሥራ አይደለም። በዚያም ላይ አበው ራሳቸው በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ርኅሩኆች ነበሩ። የመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ክፍል ባለቤት የሆነው ማር ይስሐቅ፣ የነፍስ ጨለማ በወደቀበት ሰዓት መጸለይም መስገድም ያልተቻለውን ሰው፣ ልብሱን ተከናንቦ ጨለማው እስኪያልፍ እንዲተኛ ይመክረዋል፤ ከቤቱ ብቻ እንዳይወጣ። ከዚህ ሁሉ የተጋድሎ ትምህርት መካከል ይህን ቃል ባገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ መጽሐፉን ዘግቼ ተኛሁ።

ከመነኮሳቱ አስቀድሞ የነበሩት ታላላቆች እንዴት እንደ ታከሙ ደግሞ እንይ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ቁጣ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር በተቀመጠና ነፍሱ ትወሰድለት ዘንድ በለመነ ጊዜ፣ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነቱም አልመረመረው፤ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ንግግር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኤልያስ መድኃኒት እንቅልፍና እንጀራ ነበረ፤ ለአንድ ቀን የሥልጠና አዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ የሁለት ቀን እንቅልፍ ሊገዛ እንደሚችል ለማሰብ ነቢይ መሆን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የሙሴ ነገር ግን ከዚህም ይልቅ ለጉዳያችን ይቀርባል፤ ሙሴ እኮ፣ በዛሬ ቃል ብንናገር፣ የሕዝብን አቤቱታ የሚሰማ ሠራተኛ ነበረ። በኦሪት ዘጸአት በ18ኛው ምዕራፍ አማቱ ዮቶር ሊጠይቀው መጥቶ፣ ሕዝቡ ከጧት እስከ ማታ በፊቱ ሲሰለፍ ባየ ጊዜ፣ አንተም ታልቃለህ ሕዝቡም ያልቃል በሚል መንፈስ ወቅሶት፣ የሺህና የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ልብ በሉ፤ ዮቶር የምድያም ካህን፣ ከሕዝቡ ውጭ የሆነ እንግዳ ነው፤ በየቀኑ የምናየውን ነገር የሚያየው አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ነው። በኦሪት ዘኍልቍም በ11ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ሥጋ አምሮት ሲያለቅስ፣ ሙሴ ይህን ሁሉ ሕዝብ የፀነስሁት እኔ ነኝን፣ ሞግዚት ሕፃንን እንደምታቅፍ የማቅፈው እኔ ነኝን ብሎ፣ እንዲህስ ከሆነ ፈጽመህ ግደለኝ እስከ ማለት ደረሰ። ቀቢጸ ተስፋ ኃጢአት ከሆነ፣ ይህ ቃል ከዚህ ኃጢአት ደጃፍ ላይ ቆሞ የተነገረ ነው። የተሰጠው መልስስ ምን ነበረ? ሰባ ሽማግሌዎችን ሰብስብ፣ ሸክሙን ከአንተ ጋር ይሸከማሉ የሚል ነው። የሙሴ ጠባይ አልተመረመረም። የሸክሙ አከፋፈል ተመረመረ፤ ለአንድ የነበረው በአንድ ቀን ለሰባ አንድ ሆነ።

ድሬዳዋ የመስቀልና የጨረቃ ከተማ ናትና፣ ይህን ነገር ከአንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ጋር ብጫወተው፣ እርሱም ከራሱ መጻሕፍት ሁለት ነገር አስታወሰኝ፤ ነቢዩ ያዕቆብ ስለ ዩሱፍ ከማልቀሱ የተነሣ ዓይኑ ነጭ እስኪሆን ድረስ እንዳዘነ በቁርኣን በሱረቱ ዩሱፍ መነገሩን፣ ሚስታቸው ኸዲጃና አጎታቸው አቡጧሊብ የሞቱበትም ዘመን በነቢዩ ሙሐመድ ታሪክ የሐዘን ዓመት ተብሎ መጠራቱን። ታላላቆቹ አዝነዋል፣ ሐዘናቸውም በስም ተጠርቶ ተጽፏል፤ የእኛዪቱ ሴት ግን ሁለት ጣት ዓምድ አላት።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ወደ ሰፈሩ ላውርደው። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእኛ ዘንድ ሐዘን ለአንድ ሰው አይተውም፤ ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል፣ ጎረቤት በተራ ያድራል፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፣ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል፤ ሐዘንም ቀን ተቆጥሮለት፣ ዐርባና ሰማንያ፣ ሙት ዓመትም ተብሎ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ተበጅቶለታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ በወሰደ ጊዜ፣ ለቅሶው የከተማው ሁሉ ስለ ነበረ፣ አንድም ሰው ብቻውን የሁሉን ሐዘን እንዲሸከም አልተፈረደበትም። ይህች ሴት የምትሸከመው ሐዘን ግን የተዋሰችው ነው። የሞተባት ወንድም የእርሷ አይደለምና ለቅሶ የሚደርሳት የለም፣ ዐርባውም አይቆጠርም፣ ነገ ደግሞ ሌላ ወንድም ይሞታል። በሀገራችን ሰፈር በሙሉ በተራ ሲሠራው የኖረውን ሥራ፣ አንድ የቅጥር ደብዳቤ ለአንዲት ሴት ሰጣት። ወደ ቁልቢ የሚሄደው ተሳላሚ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አይተናል፤ ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ነገር ግን የራሱ ስለት ነው፣ የሚያወርድበትም የገብርኤል ደጅ አለው።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ያበጀችው አንድ ሥርዓት አለ፤ ከሥርዓቶቿ ሁሉ ይህን እጅግ አደንቀዋለሁ። የሰውን ኃጢአትና ጭንቀት ሲሰማ የሚውል ካህን እርሱም የንስሐ አባት አለው። የሚሰማ ሁሉ የሚሰማው አለው ማለት ነው፤ ሰንሰለቱ ከየትኛውም ላይ ቢያዝ የሚቋረጥበት ቀለበት አይገኝም። የማኅበራዊ ሥራ ሙያ በዓለም ላይ ሲቋቋም ይኸንኑ ነገር በሌላ ስም ወስዶታል፤ ጀማሪው ባለሙያ የሰማውን ይዞ ወደ ነባሩ ይሄዳል፣ ነባሩም የሚቀመጠው ለቁጥጥር ሳይሆን ጀማሪውን ለመስማት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሰንሰለት የተቆረጠበትን ቦታ ለማወቅ አያስቸግርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ተከፍቶ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1974 ተዘግቶ፣ እንደ ገና የተከፈተው በ2004 ነው፤ በመካከሉ 30 ዓመት አለ። ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቶ፣ «ልጄ፣ እኔንም በሦስተኛው ዓመት እንዲሁ አድርጎኝ ነበር» ማለት የሚገባቸው ሰዎች ያን ጊዜ ሳይማሩ ቀሩ። ሥልጠናና ፖስተር ያን ትውልድ አይተካውም።

ሕጉን ብንመለከት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ እንዲያገኝ፣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱን ወራት በግማሽ፣ ሦስቱን ያለ ክፍያ እንዲሆን ደንግጓል። መልካም ድንጋጌ ነው። ይሁን እንጂ ይህን በር ለማንኳኳት አስቀድሞ ሕመምን ማስመስከር ያስፈልጋል፣ ለማስመስከርም ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፣ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቻውን የአእምሮ ሕክምና መጠሪያ በሆነበት ምድር ደግሞ ወደ አእምሮ ሐኪም የሄደ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። እግሩ የተሰበረ ሰው ማስረጃውን በግልጥ ያሳያል፤ ነፍሱ የተሰበረ ሰው ማስረጃውን እንደ ስርቆት ይደብቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይናገራል፤ ሐዘንን በባከነ የሥራ ቀን መቁጠር ለጆሮዬ ባይጥመኝም፣ በሌላ ቋንቋ የማይሰማ ጆሮ ስላለ ቁጥሩን የሚያነሡትን አልነቅፍም። ይኸው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባወጣው መመሪያ አሠሪዎች ሠራተኛውን ከማሠልጠን ጋር የሥራውን አደረጃጀት፣ ማለትም የሸክሙን ብዛትና ሰዓቱን እንዲያሻሽሉ መምከሩን ሳነብ፣ ዮቶር በመጨረሻ ወደ ጄኔቭ ደረሰ ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ።

ከአሠሪዎች ወገን የሚቀርበውን መልስ አላጣጥለውም። ገበያው ባዕድ ነው፤ አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ባስወጣች ጊዜ፣ ትእዛዝ የቀነሰበት ፋብሪካ አንድ አማካሪ ስላላባረረ ሊመሰገን ይገባዋል የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሁለት ወንበር ሁለት ደመወዝ ነው። ነገር ግን ሙሴ ለሰባዎቹ ሽማግሌዎች ደመወዝ የቆረጠ አይመስለኝም። ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዲት ሰው በአንድ ቀን የምትሰማው ይህን ያህል ነው ብሎ መወሰን፣ የሞት ወሬ የሰማች ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ባዶ መተው፣ ያልቻለችውን ጉዳይ ያለ ሐፍረት ለሌላ ማስተላለፍ መቻሏ፣ ምስጢሯን የምትነግረው ሰው የቅጥር ውሏን የሚያድሰው ሰው አለመሆኑ፤ ይህ ሁሉ ከሆቴል አዳራሽ ይረክሳል። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ነገር ማመን ነው፤ የእርሷ ትካዜ ከእርሷ ብቻ እንዳልመነጨ።

ከሁሉም ጋር፣ ከሐኪሞቹም ጋር ጭምር፣ የማያስማማኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከዚህች ሴት ሕመም ውስጥ ከፊሉ ሕመም አይደለም ብዬ አምናለሁ። እንቅልፏ፣ ምግቧ፣ ያ የደነዘዘ ልቧ ሊታከም ይገባዋል፣ ሳይዘገይም፤ ራሷን ለማጥፋት የምታስብ ሆና ቢሆን ኖሮማ ፍልስፍናዬን ትቼ እጇን ይዤ ወደ ሐኪም በሄድሁ ነበር። ነገር ግን «ተመክራለች» ብላ በጻፈች ቁጥር በውስጧ የሚቆረቁራት ነገር ቃሉ ውሸት መሆኑን ማወቋ ነው። ኪራዩ በምክር አይቀንስም፣ ባሕርም በምክር የበላውን አይመልስም። ይህን የሚቆረቁር ነገር በመድኃኒት ብናጠፋው ያጠፋነው ድባቴዋን ይሁን ኅሊናዋን በምን እናውቃለን? ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ሲያለቅስ መቋቋሚያ ሥልጠና የሚያስፈልገው ሰው ነበረን፣ ወይስ ከተማይቱ ውስጥ የሆነውን በትክክል ያየ ብቸኛ ሰው? ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አላገኘሁም። የማውቀው፣ የሚሰማት ሰው እስካልተገኘ ድረስ ሁለቱ ተቀላቅለው እንደሚኖሩና፣ ምስክርነቱ በሕመሙ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቀር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ከዮቶር ጀምሬ ስተነትንላት በትዕግሥት ሰማችኝ፤ መስማት ሥራዋ ነውና ሲደክማት ስንኳ አያስታውቅባትም። ከጨረስሁ በኋላ ነው የራሷን የነገረችኝ። በሌላ ቤት ተመሳሳይ ሥራ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአንዳቸው ቤት ይገናኛሉ፣ ቡና ያፈላሉ። በአቦሉ አንዷ ትናገራለች ሌላዪቱ ትሰማለች፣ በቶናው ይለዋወጣሉ፣ በበረካው ሁለቱም ዝም ብለው ይጠጣሉ። የማንም ስም፣ የማንም የሥራ ክፍል አይነሣም። እንዲህ ካደረጉ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ እንቅልፏ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተመልሶላታል፣ ልጅ ሲያለቅስም እንደ ገና ያማታል። ይህ የኋለኛው መልካም ምልክት መሆኑን የነገረችኝ እርሷ ናት።

አለቃዋ ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

ባዶውን መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወደ ቦርሳዋ እየከተተች፣ «በየትኛው ዓምድ ይጻፋል፣ ጋሼ?» አለችኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኖ ነበርና፣ ከወዲያ ከመጋላ በኩል የሱቆቹ መዝጊያ አንድ በአንድ ሲከፈት ይሰማ ነበር።